በደረቁ ወራት ቲማቲም ላበቀሉልን ሰብሳቢ የቀረበ ምስጋና

መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጅግጅጋ

ለተከበሩ አቶ ልዑልሰገድ
የለምለም ድርሻ አትክልት ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ላይ ክረምት ከበጋ ሳይጠወልግ ለሚኖረው የፕላስቲክ አበባ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ስለገቡ ከተማው ያለ ልዩነት እየጾመ ነው፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በባዶ ሆድ መጻፌን ከወትሮው የተለየ ድፍረት አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ደብዳቤው በቢሮዎ በር ላይ ስለሚለጠፍና ጎረቤቴ ካፊያም በስልኳ ፎቶ አንስታ ለአባላት ሁሉ ስለምትልከው፣ ማኅበራችንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ስልሳ አባላት ነን። ዘር ከመዘራቱ በፊት የዓመቱን መዋጮ እንከፍላለን፤ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ማሳ ወይዘሮ ዐርዶ ያለማሉ፤ ማሳው በየሳምንቱ የሰጠው ነገር ምንም ይሁን ምን ለስልሳ ተካፍሎ ሐሙስ ሐሙስ በሹፌራችን በዳሂር ባጃጅ እየተጫነ ወደየቤታችን ይመጣል። ዝናብ ሲኖር ዘንቢሉ ይከብዳል፤ በጅላል፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በሚዘልቀው ደረቅ ወቅት፣ ዘንቢሉ ይቀላል። ይህን ሥርዓት ያስተማሩን ሌላ ሰው ሳይሆኑ እርስዎ ራስዎ ነዎት። በምሥረታው ዕለት ቆመው፣ ማይክሮፎኑን ሁለት ጊዜ እፍ ብለው ከሞከሩ በኋላ፣ «ዝናቡም የጋራችን፣ ድርቁም የጋራችን ነው» ብለው ተናገሩ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። በአዳሪ ተማሪ ቤት ምግብ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ብዙ ንግግር ስላሳለፍኩ በቀላሉ አላጨበጭብም፤ ያን ቀን ግን እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጭብጨባዬን መልሱልኝ አልልም።

ዛሬ የምስጋናዬ ምክንያት ስለበዛ፣ እንዳይደበላለቅብኝ በተራ ቁጥር ላስቀምጠው።

1ኛ. ስለ ቲማቲሙ። ከየካቲት ሦስተኛ ሳምንት ጀምሮ በዘንቢላችን ውስጥ ቲማቲም ማግኘት ጀመርን። በጅላል፣ መሬቱ ተሰንጥቆ እግር በሚያስገባበት ሰሞን፣ ቲማቲም! በዘንቢሉ እጀታ ላይም «ከራሳችን ማሳ» የሚል፣ የማኅበሩ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ታስሮ ነበር። ማኅተም ሲመታ ያየሁትን ነገር ሁሉ እንዳምን ተደርጌ ስላደግሁ አመንኩ። ማመኔ ትንሽ የተናጋው አንዱ ቲማቲም ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ቲማቲም ከእጄ ወድቋል፤ ነጥሮ ወደ እኔ የተመለሰ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይህን የመሰለ ጠንካራ ዝርያ በየትኛው መደብ ላይ እንደበቀለ በዓይኔ አይቼ ለመደነቅ ስለፈለግሁ፣ በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ማሳው ድረስ ሄድኩ። ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። ቆስጣ አየሁ፣ ጎመን አየሁ፣ ቀይ ሥር አየሁ፤ ሁሉም ለምለም፣ ሁሉም ለመለቀም የደረሰ፣ ሁሉም የሚጭነው አጥቶ የቆመ። ቲማቲም ግን አንድ እግር እንኳ አላየሁም። መነጽሬን ጠርጌ ድጋሚ ዞርኩ። ወይዘሮ ዐርዶ ምን እንደጠፋኝ ጠየቁኝ፤ ቲማቲም እንደሆነ ስነግራቸው ግንባሬን ዳስሰው ፀሐይ መትቶኝ እንደሆነ አዩና ጥላ ሥር አስቀመጡኝ።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ፤ ዳሂር ምንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ፊትዎን እንዳያጠቁሩበት። ከቱሊ ጉሌድ መንገድ የሚመጣ ባጃጅ እስከ ጣሪያው አቧራ ይለብሳል። ባለፉት አምስት ሐሙሶች ግን የዳሂር ባጃጅ እንደ ሙሽራ መኪና እያበራ ነው ደጄ የቆመው። ከገበያው እስከ እኔ ቤት ያለው መንገድ አስፋልት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ምርመራ አያስፈልግም። ከሩቅ ቆላ በጭነት መኪና ተንገላቶ የመጣን ቲማቲም በአንድ ማኅተም የእኛ ማሳ ልጅ ስላደረጉት፣ ጉዲፈቻ በእርስዎ ዘመን ምን ያህል እንደቀለለ ተረድቻለሁና አመሰግናለሁ።

2ኛ. ስለ ናፍጣው። ቲማቲሙ የተገዛው ለውኃ መሳቢያው ሞተር ናፍጣ በተያዘው ገንዘብ መሆኑን ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው ላይ «የበጀት ማሸጋሸግ» በሚል አስፍሮታል። እኛን ያሳደጉን መምህራን ይህን የመሰለ ነገር ከላሟ አፍ ሣር ነጥቆ ወተት መጠበቅ ይሉት ነበር፤ ቋንቋችን እንዲህ ማደጉ ደስ ያሰኛል። ሞተሩ ዝም ካለ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ወይዘሮ ዐርዶ ከጉድጓዱ በባልዲ እየቀዱ፣ በጀሪካን እየሞሉ፣ በአህያ እያመላለሱ የችግኝ መደባቸውን ያጠጣሉ። በመደቡ ላይ ያለው የሽንኩርት፣ የጥቅል ጎመንና የቃሪያ ችግኝ ነው፤ ዝናቡ ሲጥል ወደ ማሳው ተዛውሮ እስከ ክረምት ድረስ ስልሳ ቤት የሚመግበው እርሱ ነው። ያ ችግኝ ሁለት ቀን ውኃ ካጣ የመጪው ወቅት ዘንቢላችን ባዶ ነው። እርስዎ ይህንን እንደሚያውቁ አልጠራጠርም፤ ያወቁ ሰው እንዲህ ተረጋግተው መቀመጣቸው ግን ጽናትዎን ያሳያል።

3ኛ. ስለ መጠይቁና ስለ ፍየሏ። በየካቲት መጀመሪያ ኮሚቴው አሥራ አራት ጥያቄ ያለው መጠይቅ በትኖ ነበር። ዘጠነኛው ጥያቄ «ቅጠላ ቅጠሉን ለምን ተግባር አዋሉት?» የሚል ሲሆን፣ ከስልሳው አባል አርባ አንዱ «ለፍየል» ብለው በንጹሕ ልብ መለሱ። እዚህ ከተማ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሥጋና ወተት የሰው፣ ቅጠል የፍየል ነው ተብሎ ያደገ ጎረቤት በግራም በቀኝም አለኝ። ካፊያ የመጀመሪያው ሐሙስ ቆስጣ ሲደርሳት በአጥሬ ላይ ብቅ ብላ፣ «ኤዶ፣ እኔ እነዚህን ሰዎች ምን በደልኳቸው? ሰው ከፍሎ ይሰደባል?» አለችኝ፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ሲሆን ስትናደድም ስትስቅም የምትጠራኝ በዚሁ ነው። ቆስጣውን ለፍየሏ ሰጠችው። ፍየሏ ከዚያ ወዲህ ካርቶን መብላት ተወች፤ ሐሙስ ሐሙስ የባጃጅ ድምፅ ስትሰማ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ትቆም ነበር። ከአባላቱ መካከል በዘንቢሉ ፍጹም የረካችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም፤ መጠይቁን እንድትሞላ ባለመጋበዟ አዝኛለሁ።

ታዲያ ኮሚቴው ይህንን መልስ አይቶ ሁለት ነገር ወሰነ፦ ባጃጁ ከማሳው ቅጠል እንዳይጭን፤ እና ማኅበሩን «የእንስሳት መኖ አቅራቢ» ያደረጉት ወይዘሮ ዐርዶ መሆናቸውን። ለአርባ አንድ ቤት የማያውቁትን ምግብ ልኮ፣ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ከዚያ ያበቀለችውን ሴት መወንጀል ለእኔ ትንሽ ከበደኝ። እኔ አንድን አዲስ ተማሪ የማያውቀውን ወጥ ሳቀርብለት ቢያንስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቀምሼ አሳየዋለሁ። እርግጥ ነው፣ እኔ መጠይቅ የማዘጋጀት ችሎታ የለኝም።

ስለሌለኝም በረመዳን በሦስተኛው ቀን ከማሳው ተሸክሜ ያመጣሁትን ቆስጣ በደቃቁ ከትፌ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ለራሴ በዘይት ሠራሁ፤ ካፊያም አጠገቤ ቆማ እያየች የድርሻዋን ለማፍጠሪያ ካዘጋጀችው ሱቃር፣ ከዚያ በትንንሹ ከሚከተፈው የጥብስ ሥጋ፣ ጋር አዋሐደችው። ባለቤቷ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ ከበላ በኋላ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ነገረችው። ጥቂት አሰበና፣ «እሺ፣ ፍየሏስ ምን ትብላ?» አለ። አሁን በእኛ ሰፈር ዘጠኝ ቤት ቆስጣ ያበስላል። ጾመኛው ክርስቲያን በዘይት፣ ጾመኛው ሙስሊም በሥጋ፣ ሁለቱም ከዚያው መደብ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ድስትና በአንድ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ስገልጽ፣ የኮሚቴውን የአምስት ሳምንት ድካም ለማሳነስ ፈልጌ አይደለም።

4ኛ. በቢሮው ደጅ በተሰቀለው ባነር ላይ «ወቅታዊ ምርቶቻችን» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የሚታዩት አናናስና እንጆሪ በየትኛው ወቅት እንደሚደርሱን ቢገለጽልን፤ ዕድሜዬ እየገፋ ስለሆነ ቀኑን ቀድሞ ማወቅ እፈልጋለሁ።

5ኛ. አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልመለስ። ባለፈው ሰኞ ወይዘሮ ዐርዶ አንድ ፖስታ ይዘው ከማሳው ቤቴ ድረስ በእግራቸው መጡ። ለገበያ የሚሆን አማርኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም፤ ይህንንም ኮሚቴው ያውቃል፤ ደብዳቤው ግን በአማርኛ፣ ያውም እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ በሰበሰብኩበት አማርኛ ተጽፏል። እኔ አነበብኩ፤ ካፊያ በሶማልኛ ተረጎመች። በአንቀጽ አሥራ ሁለት ንዑስ አንቀጽ ሦስት መሠረት ወይዘሮዋ የአባላትን ፍላጎት ያገናዘበ ቲማቲም በወቅቱ ባለማቅረባቸው፣ በምትኩ መኖ በማቅረባቸው፣ እንዲሁም በታየባቸው የአመለካከት ችግር ምክንያት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣቸው፣ ቅዳሜ መጋቢት 28 ቀንም በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ከማሳው እንዲነሡና ቦታው ለሌላ «ዘመናዊ አልሚ» እንዲሰጥ ሐሳብ እንደሚቀርብ ይገልጻል። ካፊያ «የአመለካከት ችግር» የሚለውን ለመተርጎም ብዙ ታገለች፤ በመጨረሻ፣ «ሰውዬው ፊትሽን አልወደደውም» ብላ ገላገለችን።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እኚህን ሴት የማያውቁ ከሆነ ላስተዋውቅዎ። ወይዘሮ ዐርዶ ከአፍደም ወዲያ የነበሩ ከብት አርቢ ናቸው። ድርቁ በአንድ ዓመት ውስጥ ላሞቻቸውን ፈጀ፤ ፍየሎቹንም አስከተለ። ሦስት የልጅ ልጆች ይዘው ወደዚህ መጡና፣ በእናታቸውም በአያታቸውም እጅ ያልተያዘ ዶማ በሃምሳ ዓመታቸው ያዙ። ቅጠል የፍየል ነው ብለው ካደጉ ሰዎች መካከል የመጀመሪያዋ እርሳቸው ነበሩ፤ የሚያበቅሉትን ሳይቀምሱ ለሰው አልሰጥም ብለው ጥሬ ቆስጣ አኝከው ለሁለት ቀን ሆዳቸውን ታመው ያውቃሉ። ድርቅ ምን እንደሆነ ከንዑስ አንቀጽ ሦስት እንዲማሩ ስላደረጓቸው በእርሳቸው ስም አመሰግናለሁ።

ደብዳቤው ተነብቦ ሲያልቅ አጥፈው ወደ ፖስታው መለሱት። ከዚያ በራሳቸው አማርኛ፣ «ይሄ ሰውዬ የሚፈልገው እኔን ነው ዝናብን? ዝናብ ከሆነ እኔም እየፈለኩት ነው በይው» አሉኝ። እርስዎ ማሳውን አይተውት ያውቁ እንደሆነም ጠየቁኝ፤ ጾም ላይ ስለሆንኩ መዋሸት አልቻልኩም። ሻይ አቀርባለሁ ብል ጀምበር ገና አለመጥለቋን አስታወሱኝ፤ እኔው ራሴ ረስቼው ነበር፣ አፈርኩ። ለመሄድ ሲነሡ በሩ ላይ ቆመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ስለ ልጆቹ መኖሪያ አልነበረም፤ ስለ ራሳቸው ሥራም አልነበረም። «ቅዳሜ ካስወጡኝ እሑድ ችግኞቹን ማን ያጠጣል?» የሚል ነበር።

የማኅበሩ ሰብሳቢ እርስዎ ስለሆኑ ጥያቄውን ወደሚመለከተው ክፍል አስተላልፌያለሁ።

ይህን ሁሉ ከዘረዘርኩ በኋላ ልመና ማስከተል የምስጋናን ሥርዓት እንደሚያበላሽ አውቃለሁ። ሆኖም ትርፍ ጊዜ ካገኙ፣ ለወይዘሮ ዐርዶ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ እንዲያነሡት፣ ከቻሉም መነሣቱን በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነግሯቸው፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ እንዲመልሱት፤ ቲማቲም መነገድ ልብዎ ከፈቀደም ማኅተማችንን ትተው በራስዎ ስም ሱቅ እንዲከፍቱ፣ ደንበኛዎ ባልሆንም በደጅዎ ሳልፍ ሰላምታ እንደማልነፍግዎ እየገለጽኩ እለምናለሁ። በጅላል ቀላል ዘንቢል ሲመጣ ያፈረ አባል ያለ አይመስለኝም። ያፈረው ኮሚቴው ብቻ ነው፤ ኀፍረቱንም በሌላ ሰው ቲማቲም ሸፈነው። ቀላል ዘንቢል ውሸት አይደለም፤ የማሳው ቃል ነው። እኛ ይህን ቃል ለመስማት ነበር የተመዘገብነው።

ከረጅም አክብሮትና ከዚያም ከሚረዝም ትዕግሥት ጋር፣ ሥልጣንዎ እንደ ፕላስቲክ ሳይሆን እንደ ቆስጣ እየተቆረጠ የሚታደስ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በመዋጮ ቀድሜ በጭብጨባ የማልዘገይ አባልዎ፣

ቦጋለች ሀብተየስ
የአባልነት ቁጥር ሃያ ሦስት

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለሥራ አመራር ኮሚቴው አባላት በየስማቸው
ጉዳዩ በቅርብ ለሚመለከታት ለካፊያ ፍየል

ድኅረ ጽሑፍ፣ ሐሙስ መጋቢት 26። ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወጣ ዘነበ። አስፈራርቶ የሚያልፍ ጠብታ አልነበረም፤ ጣሪያ የሚደበድብ፣ ጎርፍ የሚያስነሣ፣ እውነተኛ ዝናብ። ወይዘሮ ዐርዶ ችግኝ ማዛወር የሚቻለው አፈሩ ሳይደርቅ በሁለት ቀን ውስጥ ብቻ መሆኑን ስላስታወቁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ አራት አባላት፣ ሁላችንም በጾም አንጀታችን፣ ማሳው ላይ ጎንበስ እንላለን። በደንባችን መሠረት ሠላሳ አንድ ሰው ካልተገኘ ጉባኤው ድምፅ መስጠት እንደማይችል እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ኮሚቴውን ጨምሮ ቢበዛ ሃያ ስድስት ሆናችሁ ትጠብቁናላችሁ። እዚያ ከምትጠብቁን ጉባኤውን ወደ ማሳው አምጡት፤ ወይዘሮ ዐርዶም ስለ ራሳቸው ጉዳይ ችግኝ ይዘው ይሰማሉ፣ እኛም እጃችን ጭቃ ቢሆንም እናወጣለን። የመንገዱን ነገር ግን ልንገርዎ፤ የቱሊ ጉሌዱ መንገድ ከዛሬ ጀምሮ ባጃጅ አያስገባም፣ ከዋናው መንገድ እስከ መደቡ ያለው በእግር ነው፤ ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የማባረሪያውን ደብዳቤ በፕላስቲክ ይጠቅልሉት፣ ቦት ጫማም ያድርጉ፤ ማሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ተንሸራተው እንዲወድቁብን አንፈልግም።